ደረሰኙ በማን ስም ይቆረጥ?

ስለ ምርጫ ማስታወቂያ ወጪና ስለ ሕጉ በመቐለ የተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ንግግሬን በአማርኛ አደርጋለሁ። አዳራሹ ውስጥ ከሌላ አካባቢ የመጡ እንግዶች አሉ፤ ጉዳዩም የመቐለ ብቻ ሳይሆን የሀገር ነው።

አንድ ወዳጄ በዚህችው ከተማ ለብዙ ዓመታት ማተሚያ ቤት ነበረው። በአንድ የምርጫ ሰሞን፣ ሊዘጋ ሲል፣ አንድ ሰው ገባና የዕጩ ፎቶግራፍ ያለበት ፖስተር በሺዎች እንዲታተምለት አዘዘ። ቀብድ አልከፈለም፤ ሙሉውን ዋጋ ከጥቁር ፌስታል እያወጣ ጠረጴዛው ላይ ደረደረው። ወዳጄ እንደ ልማዱ የደረሰኝ ጥራዙን ስቦ፣ ካርቦኑን አስገብቶ፣ እስክሪብቶውን አነሣና «ደረሰኙን በማን ስም ልቁረጥ?» ሲል ጠየቀ። ሰውየው ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «ስም ምን ያደርግልሃል? ብሩን ቁጠርና ሥራህን ሥራ» አለው።

ወዳጄ ብሩን ቆጠረ፤ አልጎደለም። በሦስተኛው ቀን ፖስተሩ ከሮማናት አደባባይ ጀምሮ እስከ ሠፈራችን ድረስ በየመብራት ምሰሶው ተለጥፎ አየሁት። የዕጩው ፊት አለ፤ የምርጫ ምልክቱ አለ፤ መፈክሩ በትልልቅ ፊደል አለ። የከፈለው ሰው ስም ግን የለም።

ፓርቲው የትኛው እንደነበር አልናገርም። የተሰበሰብነው አንዱን ከስሰን ሌላውን ንጹሕ ለማድረግ አይደለም። ዛሬ የምናገረው ስለዚያ ስላልተጻፈው ስም ነው፤ ፓርቲዎችና ዕጩዎች ራሳቸውን ለማስተዋወቅ የሚያወጡት ገንዘብ ከየት ይምጣ፣ ምን ያህል ይሁን፣ ለማንስ ይታይ የሚለውን ሕግ ነው የምንመረምረው።

ቅስቀሳ ገንዘብ ይፈልጋል

በቅድሚያ በአንድ ነገር እንስማማ። በምርጫ ገንዘብ ማውጣት ነውር አይደለም። ሰው ሐሳቡን ለሌላው ለማድረስ ወረቀት ይገዛል፣ መኪና ይከራያል፣ ሞንታርቦ ያስጭናል፣ ነዳጅ ይሞላል፣ ባነር ያሠራል፣ ቲሸርትና ኮፍያ ያሳትማል፣ ለአስተባባሪዎቹ አበል ይከፍላል። ዛሬ ደግሞ በፌስቡክ ገጹ ላይ ያወጣውን ጽሑፍ ብዙ ሰው እንዲያየው በዶላር ይከፍላል። ገንዘብ የሌለበት ቅስቀሳ እንዲኖር መመኘት ዝም ያለ ምርጫ እንዲኖር መመኘት ነው።

ችግሩ የት ላይ እንደሚጀምር በምሳሌ እንየው። ሁለት ዕጩዎች በቀዳማይ ወያነ ክፍለ ከተማ ይወዳደራሉ እንበል። አንዷ አስተማሪ ናት። ጓደኞቿ አዋጥተው አንድ መኪና ለሦስት ቀን ተከራዩላት፤ አምስት መቶ ፖስተር አሳተሙላት። ሁለተኛው ዐሥር መኪና ለአንድ ወር አሰማራ፤ ዐሥር ሺህ ፖስተር ለጠፈ። መኪናውን በመኪና፣ ቀኑን በቀን ስናባዛው የእሷ ድምፅ ሦስት፣ የእሱ ሦስት መቶ ይሆናል። መራጩ ሁለቱን ሐሳብ በእኩል ጆሮ ሰምቶ አልመዘነም፤ አንዱን መቶ ጊዜ ሰማ፣ ሌላዋን አንድ ጊዜ ሰማ። ስሟን እንኳ ሳያጣራ ድምፅ መስጫ ጣቢያ የሚደርስ ብዙ ነው።

ከዚህ የሚከፋም አለ። ዐሥሩን መኪና ያቀረበው ሰው ዕጩው ካሸነፈ በኋላ ቢሮው ይመጣል። መሬት ይፈልጋል፣ ጨረታ ይፈልጋል፣ ፈቃድ ይፈልጋል። አባቶቻችን «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ያሉት ለዚህ ነው። ተመራጩ በማን ገበታ እንደበላ ካላወቅን ነገ በምክር ቤት ሲናገር ለማን እንደሚጮኽ ማወቅ አንችልም።

ሕጋችን ምን ይላል?

በሀገራችን ሕግ የለም የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል። በ1999 የወጣው የምርጫ ሕግ አዋጅ ቁጥር 532፣ በ2000 የወጣው የፖለቲካ ፓርቲዎች ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 573፣ በ2002 የወጣው የምርጫ ሥነ ምግባር አዋጅ ቁጥር 662 ነበሩ። እነዚህን አሰባስቦና አሻሽሎ የተካው በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1162 ነው፤ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድም በዚያው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 1133 እንደ አዲስ ተቋቁሟል።

የሕጎቹ መንፈስ በጥቅሉ ይህ ነው። ፓርቲ የሚተዳደረው ከአባላቱ መዋጮ፣ ከኢትዮጵያውያን ከሚያገኘው ስጦታና ከመንግሥት ድጋፍ ነው። ከውጭ መንግሥትና ከውጭ ዜጋ፣ ከሃይማኖት ድርጅት፣ ከበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ምንጩ ካልታወቀ እጅ ገንዘብ መቀበል አይችልም። ንግድ ውስጥ መግባትም አይፈቀድለትም። ሒሳቡን መያዝ፣ በኦዲተር ማስመርመርና ለቦርዱ ማቅረብ ግዴታው ነው። በመንግሥት መገናኛ ብዙኃን ነፃ የአየር ሰዓትና የጋዜጣ ዓምድ ይመደብለታል። ለመራጭ ስጦታና መደለያ መስጠት፣ የሌላውን ፖስተር መቅደድ፣ በሥልጣን መገልገል የተከለከለ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2013 በተደረገው ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ ድምፅ ከሚሰጥበት ቀን በፊት ባሉት አራት ቀናት ቅስቀሳ ቆሞ ነበር፤ የጥሞና ጊዜ የተባለው ይህ ነው።

ያነበብኩላችሁን ልብ ብላችሁ ከሰማችሁ አንድ ነገር ታስተውላላችሁ። የሕጉ ዓይን ያተኮረው ብሩ በሚገባበት በር ላይ ነው። ብሩ የሚወጣበት በር ብዙም አልተጠበቀም። አንድ ዕጩ ለማስታወቂያ ከዚህ በላይ አያውጣ የሚል፣ በብር የተቆረጠ ጣሪያ በአዋጅ ቁጥር 1162 ውስጥ አታገኙም።

ነፃው የአየር ሰዓትም ቢሆን እንዴት እንደሚከፋፈል ማየት ያስፈልጋል። በ2002 ምርጫ ከነፃው የአየር ሰዓት ከግማሽ በላይ የሚሆነው የተደለደለው ፓርቲው በምክር ቤት በነበረው ወንበር ብዛት ነበር። አስቡት፤ ትናንት ያሸነፈ ዛሬ ብዙ ይናገራል፣ ዛሬ ብዙ የተናገረ ነገም ለማሸነፍ ይቀርባል። የዚያ ምርጫ ውጤት ገዢው ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 545ቱን የያዙበት ነበር፤ በግንቦት 2007 ደግሞ 547ቱንም ያዙ። የአየር ሰዓት ብቻውን ይህን ውጤት አመጣ አልልም። ያለፈ ድልን ለነገው ውድድር ስንቅ የሚያደርግ ቀመር ግን ሚዛኑን ያዛባል እላለሁ።

መቐለ ያየችው

አሁን ወደ ራሳችን ከተማ እንምጣ። መቐለ ብዙ ምርጫ አይታለች። በግንቦት 1997 በቴሌቪዥን የተላለፈው ክርክር በየሻይ ቤቱ ሰው ሰብስቦ እንደነበር እናስታውሳለን። በ2002 እና በ2007 ተቃዋሚው አረና ትግራይ በዚህ ክልል ሲወዳደር አይተናል። ግንቦት 16 ቀን 2007 በብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሳጥን ድምፃችንን ሰጠን። ከዚያ ኮሮና መጣ፤ ቦርዱ የ2012ን ምርጫ አራዘመ፤ ትግራይ ግን የራሷን የምርጫ ኮሚሽን አቋቁማ ጳጉሜን 4 ቀን 2012 የክልል ምርጫ አካሄደች። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ምርጫውን ውድቅ አለው። ክልሉን ያስተዳድር የነበረው ሕወሓት 98.2 በመቶ ድምፅ ማግኘቱ ተገለጸ። ሁለት ወር ሳይሞላ ጦርነቱ ገባ። ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ ትግራይን ሳይነካ አለፈ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት በክልሉ ምርጫ እስኪደረግ አካታች ጊዜያዊ አስተዳደር እንዲኖር፣ ምርጫውም በብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ክትትል ሥር እንዲሆን ደነገገ። በግንቦት 2017 ደግሞ ቦርዱ የሕወሓትን ሕጋዊ ሰውነት ሰረዘ።

የምርጫውን ቀን በቃላችን እናውቃለን፤ በመቶኛ የተገኘውንም ድምፅ እናውቃለን። እስቲ ልጠይቃችሁ። ከእነዚህ ምርጫዎች በአንዱ፣ የትኛውም ፓርቲ ቢሆን፣ መቐለ ውስጥ ለፖስተርና ለሞንታርቦ ስንት ብር እንዳወጣ የሚያውቅ ሰው እጁን ያውጣ።

አንድም እጅ አልወጣም። ይህን ስል ማንንም ለማሳፈር አይደለም፤ እጅ ያልወጣው ማወቅ የሚገባን ነገር እንደሆነ የነገረን ሰው ስለሌለ ነው።

መጀመሪያ ግድግዳ

በትግራይ የድንጋይ ቤት፣ ህድሞ፣ ሲሠራ ያየ ሰው የሥራውን ቅደም ተከተል ያውቀዋል። ግንበኛው ድንጋዩን እየጠረበ ግድግዳውን ያቆማል፤ ለብርሃንና ለአየር የሚሆነውን መስኮት እየለካ ይተዋል፤ አፈር የሚሸከመው ጣሪያ የሚመጣው ግድግዳው ከቆመ በኋላ ነው። ስለ ምርጫ ገንዘብ ሕግም የምለው ይኸው ነው፤ ግድግዳ፣ መስኮት፣ ከዚያ ጣሪያ።

ግድግዳ የምለው በፓርቲ ኪስና በመንግሥት ኪስ መካከል ያለውን መለያ ነው። በበለጸጉት ሀገሮች የምርጫ ገንዘብ ሲነሣ ሰዎች የሚፈሩት ባለጠጋውን ነው። በእኛ ሀገር ትልቁ የቅስቀሳ ሀብት ባለጠጋው እጅ ላይ አይደለም። ትልቁ ሀብት የመንግሥት መኪና፣ የመንግሥት አዳራሽ፣ የመንግሥት ሠራተኛ የሥራ ሰዓት፣ የመንግሥት ሬዲዮና ቴሌቪዥን ነው። ኮድ 4 ሰሌዳ የለጠፈ መኪና የፓርቲ ባንዲራ ሰቅሎ ከሓወልቲ ወደ ኲሓ ሲወጣ ነዳጁን የሞላው ማን ነው? ተቃዋሚውን የመረጠው ገበሬ ጭምር ነው። ሹፌሩ የቀን አበሉን ከየትኛው በጀት ወሰደ? በምርጫው ዋዜማ አስፋልት ሲመረቅ፣ ሪባን ሲቆረጥ፣ ካሜራው ሁሉ ሲሰለፍ፣ ያ ምረቃ ነው ወይስ ማስታወቂያ?

ይህ ችግር የአንድ ክልል ብቻ አልነበረም። በኢሕአዴግ ዘመን በየክልሉ ከገዢ ፓርቲዎች ጋር የተያያዙ ኢንዶውመንቶች ነበሩ፤ በትግራይ ትእምት፣ በአማራ ጥረት፣ በኦሮሚያ ቱምሳ፣ በደቡብ ወንዶ። ትእምት ዋና መሥሪያ ቤቱን እዚሁ መቐለ አድርጎ እንደ መሶቦ ሲሚንቶና መስፍን ኢንዱስትሪያል ያሉ ትልልቅ ኩባንያዎችን አቅፎ ኖሯል። የተቋሞቹ መሪዎች ሀብቱ የሕዝብ ነው ይሉ ነበር፤ ተቃዋሚዎች የፓርቲ ኪስ ነው እያሉ ይከራከሩ ነበር። ዛሬ ለዚያ ክርክር ዳኛ ሆኜ አልቀመጥም። ክርክሩ ራሱ የሚያስተምረንን ግን እናገራለሁ፤ ግድግዳው የት እንዳለ በዓይን የማይታይ ከሆነ እውነተኛው ሰው እንኳ ንጽሕናውን ማሳየት አይችልም። ጥርት ያለ መለያ ለተቃዋሚው ብቻ ሳይሆን ለገዢውም ክብር ነው።

መገናኛ ብዙኃኑም ከዚህ አይለዩም። ድምጺ ወያነ በትግሉ ዘመን ከበረሃ ይተላለፍ የነበረ ሬዲዮ ነው፤ ለብዙዎቻችሁ የልጅነት ድምፅ ነው። ትግራይ ቴሌቪዥን የክልሉ መንግሥት ነው። የሚወደዱ ተቋማት መሆናቸው ተጨማሪ ኃላፊነት ያስከትልባቸዋል። ለአንድ ዕጩ የተሰጠ ደቂቃ ገንዘብ ነው። ዜና ተብሎ የተላለፈ ቅስቀሳ በነፃ የተሰጠ ማስታወቂያ ነውና በሒሳብ ውስጥ መግባት አለበት።

ቀጥሎ መስኮት

መስኮት የምለው ይፋ ማድረግን ነው። ብር ከየት መጣ፣ ወዴት ሄደ የሚለው ለቦርዱ ቀርቦ ሣጥን ውስጥ ከተቀመጠ ሕጉ ተፈጽሟል፤ መራጩን ግን አልጠቀመውም። መራጩ ማወቅ ያለበት ከምርጫው ዓመት በኋላ በሚወጣ የኦዲት ሪፖርት ሳይሆን ድምፁን ከመስጠቱ በፊት ነው።

የሌላውን ዓለም ልምድ ለመልካምም ለክፉም እንመልከት። በእንግሊዝ የምርጫ ወረቀት የሚያሳትም ሰው የአሳታሚውንና የአታሚውን ስምና አድራሻ ወረቀቱ ላይ ማስፈር ግዴታው ነው። አነስ ባለ ፊደል ከግርጌ የሚጻፍ አንድ መስመር ነው። የወዳጄን ማተሚያ ቤት ችግር የሚፈታው ያች አንዲት መስመር ናት። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ሕግ ለፌዴራል ሥልጣን የሚወዳደር ዕጩ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ለሚያስነግረው ማስታወቂያ «እኔ ዕገሌ ይህን መልእክት አጽድቄዋለሁ» ብሎ በራሱ ድምፅ እንዲናገር ያስገድደዋል። ሕንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 የከፋዩ ስም ሳይገለጥ በባንክ በኩል ለፓርቲ ገንዘብ የሚሰጥበት ቦንድ አወጣች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 አሠራሩን ሕገ መንግሥታዊ አይደለም ብሎ ሻረው። ምክንያቱ ለእኛም ይሠራል፤ መራጭ የሚመርጠውን ፓርቲ ማን እንደሚቀልበው የማወቅ መብት አለው።

በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ያለው ማስታወቂያ መስኮቱን ይበልጥ አስፈላጊ አድርጎታል። ምሰሶ ላይ የተለጠፈ ፖስተር ለሁሉ ይታያል፤ ሐሰት ከተጻፈበት ተቃዋሚው አይቶ ይመልሳል። በስልክ የሚመጣ ማስታወቂያ ግን ለአንዱ ታይቶ ለሌላው ሳይታይ ያልፋል። ከ2013ቱ ምርጫ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ፌስቡክ በኢትዮጵያ ውስጥ በሐሰት ማንነት የሚንቀሳቀሱ ገጾችንና አካውንቶችን መረብ ማስወገዱን ገልጾ ነበር። እንዲህ ያለ ገጽ ሲናገር የሚናገረው ማን ነው? ስም የሌለው ደረሰኝ ከወዳጄ ጠረጴዛ ተነሥቶ ወደ ስልካችን ገብቷል።

በመጨረሻ ጣሪያ

አሁን ወደ ወጪ ጣሪያ እንምጣ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1883 ባወጡት ሕግ ለእያንዳንዱ ዕጩ የወጪ ጣሪያ ቆረጡ፤ ወጪው በሙሉ በአንድ በተሰየመ ወኪል እጅ እንዲያልፍ አደረጉ፤ ደረሰኝ እንዲቀርብ አዘዙ። ከዚያ በፊት በመጠጥና በጉቦ ይደረግ የነበረው ምርጫ ቀስ በቀስ ተለወጠ። ዛሬም በዚያ ሀገር የፖለቲካ ማስታወቂያ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ በገንዘብ አይገዛም፤ ፓርቲዎች ነፃ ሰዓት ይሰጣቸዋል።

አሜሪካኖች ሌላ መንገድ ሄዱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው እ.ኤ.አ. በ1976 ለዕጩ የሚሰጥ ስጦታ ሊገደብ ይችላል፣ ዕጩው የሚያወጣው ወጪ ግን የመናገር ነፃነት ነውና አይገደብም አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ኩባንያዎችም ከዕጩው ጋር ሳይመካከሩ የፈለጉትን ያህል እንዲያወጡ ፈቀደ። የ2020ው የፌዴራል ምርጫቸው ከ14 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተበላበት። ፈረንሳይ ጣሪያ አላት፤ ጣሪያውም ጥርስ አለው። ፕሬዚዳንት የነበሩት ኒኮላ ሳርኮዚ እ.ኤ.አ. በ2012 ምርጫ ከ22.5 ሚሊዮን ዩሮው ጣሪያ አልፈው እጥፍ ገደማ በማውጣታቸው በ2021 ተፈርዶባቸዋል። ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 ጥሩ ሕግ ጻፈች፤ ይሁን እንጂ የ2017ም የ2022ም ምርጫ የወጪ ገደቡ ሥራ ላይ ሳይውል አለፈ። ከኬንያ የምንማረው በወረቀት ላይ ያለ ጣሪያ ከዝናብ እንደማያስጥል ነው።

እዚህ ላይ ከብዙ ቅን ሰዎች ጋር የምለያይበትን ነጥብ በግልጽ ልናገር። ጣሪያ በቶሎ ይቆረጥ፣ ዝቅ ብሎም ይቆረጥ የሚሉ አሉ። ፍላጎታቸውን አከብራለሁ። ግድግዳው ሳይቆም ጣሪያ ከመጣ ግን የሚጨፈልቀው ደካማውን ነው። አስቡት፤ በሥልጣን ላይ ያለው ሰው በየቀኑ በዜና ይታያል፣ መንገድ ይመርቃል፣ መኪና አለው፣ አዳራሽ አለው። ለማስታወቂያ አንድ ብር ባያወጣም ሁሉም ያውቀዋል። አስተማሪዋ ዕጩ ግን ለመታወቅ ገንዘብ ማውጣት አለባት። ሁለቱንም እኩል ዝቅተኛ ጣሪያ ሥር ብናስገባቸው ያስተካከልን መስሎን የታሰረችውን አሰርን፤ የተፈታው እንደተፈታ ቀረ። ስለዚህ የምለው ጣሪያ ያስፈልጋል ነው፤ ነገር ግን የመንግሥት መኪና የሄደበት ኪሎ ሜትር፣ በነፃ የተያዘ አዳራሽ፣ በዜና ስም የተላለፈ ቅስቀሳ ሁሉ በገበያ ዋጋ ተተምኖ በዚያው ጣሪያ ሥር ይቆጠር።

ከጦርነት በኋላ ያለች ከተማ

ይህ ነገር ለመቐለ ከሌላው ከተማ ይበልጥ ለምን ይከብዳል? ከሰኔ 2013 መጨረሻ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 2015 ድረስ በዚህች ከተማ ባንክ ተዘግቶ ነበር። የራሱን ብር አውጥቶ ለልጁ መድኃኒት መግዛት ያልቻለ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል። ደመወዝ ለወራት ያልተከፈለው ሠራተኛ፣ ከቀየው ተፈናቅሎ በትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ የኖረ ቤተሰብ አለ። እንዲህ ባለ ከተማ አንድ ጀሪካን ዘይት፣ አንድ ኩንታል ዱቄት፣ አንድ ቀን አበል ከሌላው ጊዜ ይልቅ ይከብዳል። የተራበ ሰው የተሰጠውን ቢቀበል ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ ጥፋቱ ረሃቡን ለድምፅ መግዣ ያደረገው ሰው ነው።

ስለዚህ በትግራይ ለሚደረግ ምርጫ ከሁሉ አስቀድሞ መጻፍ ያለበት ደንብ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ እርዳታ የሚያከፋፍል እጅና ድምፅ የሚለምን እጅ አንድ እጅ አይሁን። የስንዴው ዝርዝር ላይ ስም የሚጽፍ ሰው በዚያው ሰሞን የፓርቲ መታወቂያ ይዞ በር እያንኳኳ አይቀስቅስ። ተፈናቃዮች ባሉበት ግቢ ውስጥ የምግብ ማከፋፈያ ቀንና የቅስቀሳ ቀን አይገናኙ።

የባንኩም ነገር ትምህርት አለው። በጥሬ ብር መኖርን ስለለመድን ገንዘብን ያለ ባንክ ማንቀሳቀስ ቀላል ሆኖልናል፤ ዱካ የሌለው ብር ደግሞ ለምርጫ ገንዘብ መርዝ ነው። ዕጩው አንድ የባንክ ሒሳብ ይክፈት፤ የቅስቀሳ ወጪው ሁሉ ከዚያ ሒሳብ ይውጣ። አነስተኛውን ወጪ፣ የሻይና የታክሲውን፣ በደረሰኝ ያወራርድ።

ምን እናድርግ?

ሕግ አውጪዎችንና ምርጫ ቦርድን የምጠይቀውን በአጭሩ ልናገር። የማስታወቂያ ወጪ ዝርዝር ድምፅ ከሚሰጥበት ቀን በፊት ቢያንስ አንድ ጊዜ ይፋ ይሁን፤ በኢንተርኔት ብቻ ሳይሆን በየቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ማንኛውም ፖስተር፣ ባነር፣ በራሪ ወረቀትና የሬዲዮ ማስታወቂያ የከፋዩን ስም ይያዝ። መገናኛ ብዙኃን ለማስታወቂያ የሚያስከፍሉት ዋጋ ለሁሉም ፓርቲ አንድ ይሁን፤ የዋጋ ዝርዝሩም አስቀድሞ ይውጣ። የወጪ ጣሪያው የመንግሥትን ሀብት አጠቃቀም ከቆጠረ በኋላ ይቆረጥ። ቅጣቱም ከቅስቀሳው ያነሰ አይሁን፤ ብር ያጠፋ ሰው ብር ብቻ ከፍሎ ከሄደ ቅጣቱን እንደ አንድ የማስታወቂያ ወጪ ይቆጥረዋል።

ሕግ እስኪሻሻል ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። ማተሚያ ቤት ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ያለ ስም ደረሰኝ አትቁረጡ፤ ያለ ደረሰኝም አታትሙ። አንዳችሁ እንቢ ብትሉ ደንበኛው ወደ ጎረቤት ይሄዳል፤ ሁላችሁም እንቢ ካላችሁ ግን ስሙን ይናገራል። ሞንታርቦ የምታከራዩ፣ ባጃጃችሁ ላይ ባነር የምትሰቅሉ ወጣቶች፣ ማን እንደከፈላችሁ ጻፉና አስቀምጡ። ጋዜጠኞች፣ ውጤት ብቻ አትዘግቡ፤ ወጪም ዘግቡ። የመቐለ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከእንዳ ኢየሱስም ከዓዲ ሓቂም ወጥታችሁ በየሠፈሩ የተለጠፈውን ፖስተርና የዞረውን መኪና ቁጠሩ። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ ነው፤ በየሠፈሩ የተቆጠረ ቁጥር ፓርቲው ካቀረበው ሒሳብ ጎን ሲቀመጥ እውነቱን ይናገራል።

እናቶችና አባቶች፣ ለእናንተ የምለው አጭር ነው። ዕጩ በራችሁን ሲያንኳኳ ስለ መንገድና ስለ ውኃ የምትጠይቁትን ጠይቁት። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፤ «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ወረቀት ማን አሳተመልህ?» በሉት። ያለ ኀፍረት የሚመልስ ካለ አዳምጡት። ሳይመልስ ወረቀቱን አስጨብጧችሁ ሊሄድ ከተነሣ ወረቀቱን መልሱለት።

ወዳጄ ማተሚያ ቤቱን ዘግቷል። የደረሰኝ ጥራዙን ግን ዛሬም ቤቱ አስቀምጦታል። የዚያን ዕለት ቅጠል ቁጥሩ አለ፣ ቀኑ አለ፣ የብሩ መጠን አለ፤ የስሙ ቦታ ባዶ ነው። በቀጣዩ ምርጫ፣ መቼም ይደረግ መቼ፣ በመቐለ አንድም ደረሰኝ የስሙ ቦታ ባዶ ሆኖ አይቆረጥ።